ዐፅም የሌለበት መካን፦ ካንተርበሪ በብርድ ወራት

በካንተርበሪ ካቴድራል ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከዋናው መንበር በስተጀርባ ባለው የሥላሴ ጸሎት ቤት፣ ወለሉ ላይ አንዲት ሻማ ትበራለች። እሷ ባለችበት ቦታ መቃብር የለም፤ ሥዕልም ሣጥንም የለም። ከ1220 እስከ 1538 ድረስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሊቀ ጳጳሱ የቶማስ ቤኬት ዐፅም በወርቅ ተለብጦ በዕንቁ ባጌጠ ሣጥን ያረፈው በዚህ ቦታ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ አስፈረሰው፤ ወርቁን ወሰደ፤ ዐፅሙም ጠፋ። በምትኩ የቆመ ነገር የለም። ሆኖም ዛሬም ካቴድራሉን የሚዞር ሰው እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ይንበረከካል። የሚንበረከከው ለምኑ ነው? ቅዱስ ያሰኘው ነገር የተወሰደበት ቦታ ቅዱስ ሆኖ ይቀራልን?

ካንተርበሪ ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንት አውራጃ፣ በስቶር ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል። የእንግሊዝን የብርድ ወራት ክረምት ብሎ መጥራት ቢለመድም ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ ነጎድጓድና ጭቃ፣ የሞላ ወንዝና የለመለመ መስክ ያመጣበታል። የእንግሊዝ ዲሴምበር እንዲህ አይደለም። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ግራጫ ይለብሳል፤ ብርዱ እርጥብ ነው፤ ቀኑም ያጥራል። በወሩ መጨረሻ ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ተሳላሚዎቹን በኤፕሪል ዝናብና በአበባ መካከል ስለሚያስጉዛቸው፣ ካንተርበሪ በአንባቢዎች ዘንድ የጸደይ ከተማ ሆና ቀርታለች። ከተማዋን ያስጠራት ነገር የተፈጸመው ግን በ1170 ዲሴምበር 29፣ ከቀትር በኋላ ብርሃኑ ሲደክም ነው። በብርድ ወራት የሚሄድ ሰው የጎብኚው ብዛት ቀንሶለት፣ የድርጊቱን ሰዓትና ጨለማ በቦታው ያገኘዋል።

ከካንተርበሪ ዌስት ጣቢያ የወጣ ሰው ወደ አሮጌው ከተማ የሚገባው በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በታነጸው የምዕራብ በር ነው። ከበሩ የሚቀጥለው ጎዳና ስቶርን ይሻገራል። ከድልድዩ አጠገብ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ለድኻ ተሳላሚዎች ማደሪያ እንዲሆን የተመሠረተው የኢስትብሪጅ ቤት አለ፤ ዛሬም አረጋውያን ይጦሩበታል። ጥቂት አልፎ ወደ ግራ የምትታጠፈው ጠባቧ መርሰሪ ሌን ወደ ካቴድራሉ ቅጥር በር ታደርሳለች። በመካከለኛው ዘመን የዚህች መንገድ ሱቆች ለተሳላሚው ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅልቅል የተሠራ የቅዱሱን ምስልና ትንንሽ ብልቃጥ ይሸጡ ነበር። ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ገበያ መኖሩ ብዙዎችን ቅር ያሰኛል። ግእዝ ግን ነጋዲ ሲል መንገደኛውንም፣ ተሳላሚውንም፣ ሸቀጥ ጫኙንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። አማርኛ ነጋዴን ለገበያው ወስዶ ንግደትን ለጸሎቱ ተወ። ሥሩ አንድ መሆኑ የሚያሳየው ወደ ቅዱስ ቦታ የሚደረግ ጉዞ ስንቅ፣ ማደሪያና ገንዘብ የሚጠይቅ የእግር ጉዞ እንደነበር ነው። ሰው ሥጋ ስላለው ይጓዛል፤ የቅዱስ ቦታ ጥያቄም የሚነሣው ሥጋ ስላለው ነው።

የእንግሊዝ ክርስትና ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዘው ቤኬት ከመወለዱ ከ500 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ የላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ (ከሂፖው ሊቅ ጋር ስም እንጂ ዘመን አይጋራም) በ597 ኬንት ደረሰ። ንጉሡ ኤተልበርት ገና አረማዊ ነበር። ሚስቱ ቤርታ ግን ከፍራንክ ነገሥታት ወገን የሆነች ክርስቲያን ነበረችና ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ትጸልይ ነበር። ይህ ትንሽ ሕንጻ የሮማውያን ሸክላ በግድግዳው እየታየ ዛሬም ያገለግላል፤ ከካቴድራሉና ከአውግስጢኖስ ገዳም ፍርስራሽ ጋር በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መነኩሴው ታሪክ ጸሐፊ ቤዳ ከጎርጎርዮስ መልእክቶች መካከል ለዚህ ጉዳይ እጅግ የሚጠቅሙ ሁለት አሳቦችን መዝግቦ አቆይቷል። በ601 የተጻፈው ደብዳቤ የአረማውያኑ ቤተ ጣዖት እንዳይፈርስ ያዝዛል፤ ጣዖቱ ወጥቶ፣ የተቀደሰ ውኃ ተረጭቶ፣ መሠዊያ ቆሞ፣ የቅዱሳን ዐፅም ገብቶበት ሕዝቡ በለመደው ቦታ እውነተኛውን አምላክ ያምልክ ይላል። ሁለተኛው አሳብ ለአውግስጢኖስ ጥያቄ በተሰጠ መልስ ውስጥ ያለ ነው፤ መልካም ነገር በቦታው ምክንያት የሚወደድ ሳይሆን ቦታው በመልካሙ ነገር ምክንያት የሚወደድ መሆኑን ያስረዳል። ሁለቱ አሳቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ችግር ይፈጠራል። ቦታ የሚቀደሰው በገባበት ነገር ከሆነ ነገሩ ሲወጣ ቅድስናው አብሮ መውጣት አለበት። ጎርጎርዮስ ከጣዖት ቤቱ ጣዖቱን ያስወጣው በዚሁ ስሌት ነውና የካንተርበሪው ባዶ ወለልም በዚሁ ስሌት መመዘኑ አይቀርም።

ቶማስ ቤኬት የለንደን ነጋዴ ልጅ ነው። በ1155 የንጉሡ የዳግማዊ ሄንሪ ዋና ጸሐፌ ትእዛዝ ሆነ፤ ከንጉሡ ጋር በማደንና በግብዣ የሚውል፣ በልብሱና በአጀቡ ግርማ የሚታወቅ ሹም ነበር። ሄንሪ ወዳጁ በመንበሩ ቢቀመጥ ቤተ ክርስቲያኒቱን እንደልቡ እንደሚያዛት አስቦ በ1162 ሊቀ ጳጳስ አስደረገው። ቅስና የተቀበለው ከመሾሙ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሰውየው ግን ከሹመቱ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ወንጀል የሠራ ካህን በማን ይዳኝ በሚለው ክርክር በ1164 ከንጉሡ ጋር ተጋጭቶ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደና ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1170 ጁን የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ የካንተርበሪን መብት ተጋፍቶ የንጉሡን ልጅ ቀባ፤ ቤኬትም በዚህ የተባበሩትን ጳጳሳት አወገዘ። በዲሴምበር መጀመሪያ ወደ መንበሩ ሲመለስ እርቁ ላይ ላዩን ብቻ ነበር። ኖርማንዲ የነበረው ንጉሥ ነገሩን ሲሰማ በቁጣ የተናገረውን አራት ባላባቶች እንደ ትእዛዝ ወስደው ባሕር ተሻገሩ፤ ሬጂናልድ ፊትዝአርስ፣ ሂዩ ደ ሞርቪል፣ ዊልያም ደ ትሬሲና ሪቻርድ ለ ብሬተን።

የሠርክ ጸሎት እየተዜመ ነበር። መነኮሳቱ ሊቀ ጳጳሳቸውን ከቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስገብተው በሩን ሊቀረቅሩ ሲሉ ቤኬት ከለከላቸው፤ የእግዚአብሔር ቤት የጦር ምሽግ እንዲሆን አልፈቀደም። ባለሰይፎቹ በተከፈተው በር ገቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ አውጥተው ሊይዙት ሞከሩ፤ እሱም ዓምዱን ይዞ አልወጣም አለ። ከዚያ መቱት። ለጥየቃ መጥቶ በአጋጣሚ የተገኘው ኤድዋርድ ግሪም የተባለ ካህን ክንዱን ዘርግቶ ሊመክትለት ሲሞክር ቆሰለ፤ ያየውንም በኋላ ጻፈው። የመጨረሻው ምት የሊቀ ጳጳሱን አናት ቆርጦ የሰይፉ ጫፍ ከድንጋዩ ወለል ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። በዚያ ምሽት መነኮሳቱ አስከሬኑን ሲያዘጋጁ ከክብር ልብሱ ሥር በተባይ የተወረረ የማቅ ልብስ አገኙ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ብዙዎቹ ይጠራጠሩት ነበር፤ የቤተ መንግሥት ሰው ነው፣ ግትር ነው ይሉት ነበር። ማቁን ሲያዩ አለቀሱ። ቤኬትን ሰማዕት ያደረገው አሟሟቱ ብቻ እንዳልነበረ፣ ለማንም ሳያሳይ የለበሰው ማቅ ከሁሉ በላይ ይመሰክራል።

በቤተ ክርስቲያን ሕግ ደም የፈሰሰበት መቅደስ ይረክሳል፤ እንደገና እስኪቀደስ ቅዳሴ አይቀደስበትም። የካንተርበሪ ካቴድራልም በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቅዳሴ ተቋርጦበት ቆይቶ በ1171 ዲሴምበር 21 እንደገና ተቀደሰ። በዚያው ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ደሙን በጨርቅ እየነከረ ይወስድ፣ በምድር ቤቱ መቃብር በሽተኞቹን ያስተኛ፣ ተፈወስን እያለ ይመለስ ነበር። ሕጉ መቅደሱን አረከሰ የሚለው ደም በሕዝቡ ዘንድ መቅደሱን የቀደሰ ደም ሆነ። ይህ እንደ ተራ ግጭት የሚታለፍ አይደለም። ሕጉ የሚያየው የገዳዮቹን እጅ ነው፤ በዚያ በኩል የተሠራው ግፍ ነው፤ ግፍ የተሠራበት ቦታም መንጻት አለበት። ሕዝቡ የሚያየው የሟቹን ፈቃድ ነው፤ በዚያ በኩል የተሠራው መሥዋዕት ነው። ድንጋዩም ደሙም አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሁለት የሆነው፣ መርከስና መቀደስ በቁሱ ውስጥ ሳይሆን ቁሱን በነካው ሥራ ውስጥ ስለሚገኙ ነው። ድንጋይ በራሱ አይቀደስም፤ በራሱም አይረክስም።

የሮሙ ጳጳስ እስክንድር 3ኛ በ1173 ቤኬትን ከቅዱሳን ቆጠረው። በ1174 ጁላይ ዳግማዊ ሄንሪ ራሱ በባዶ እግሩ ከተማውን አቋርጦ መቃብሩ ድረስ መጣና መነኮሳቱ በአርጩሜ ገረፉት። ጫማን ማውለቅ በቅዱስ ቦታ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ሙሴ በቍጥቋጦው ፊት የሆነውን የሚያውቅ አንባቢ አይጠይቅም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የምሥራቁ ክፍል በእሳት ጋየ። መነኩሴው ጀርቬስ ቃጠሎውንና ዳግም ግንባታውን ደረጃ በደረጃ መዝግቦታል፤ ፈረንሳዊው ዊልያም ዘሳንስ በሾለ ቅስት የሚያርገውን አዲስ ስልት አምጥቶ ሥራውን ጀመረ፤ በ1178 ከመወጣጫ ወድቆ ሲጎዳ ዊልያም የተባለ እንግሊዛዊ ተክቶት በ1184 ፈጸመው። ሕንጻው ወደ ምሥራቅ በሄደ ቁጥር በደረጃ እየወጣ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ክብ ጸሎት ቤት አክሊል ትባላለች፤ የተቆረጠው አናት ይታሰብባት ነበር። በመስኮቶቹ ላይ ያሉት የመስታወት ሥዕሎች በቅዱሱ ዝና የመጡትን ያሳያሉ፤ ዕውሩን፣ ለምጻሙን፣ አእምሮው የታወከውን፣ ልጁ የሞተበትን። ሁለት መነኮሳት የጻፏቸው ተአምራት በድምሩ ከ700 ይበልጣሉ። የቅዱሱ ደም ጠብታ ገባበት የተባለው ውኃ በብልቃጥ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር፤ በኢትዮጵያ ጠበልና እምነት ይዞ የሚመለሰውን ሰው ያየ ሁሉ የብልቃጡን ትርጉም ያውቃል። ዐፅሙ በ1220 ጁላይ 7 ከምድር ቤቱ ወጥቶ ወደ ላይኛው መካን ፈለሰ።

ይህ ሁሉ ጉዞ አስፈላጊ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከካንተርበሪ ይቀድማል። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ኢየሩሳሌምን ካየ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ቦታ መቀየር እግዚአብሔርን እንደማያቀርብ፣ ጌታ የተመላለሰበት ከተማም ከኃጢአት ነጻ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ቤተ ልሔም የኖረው ጄሮም ለኖላው ጳውሊኖስ ሲጽፍ የሰማይ ደጅ ከኢየሩሳሌምም ከብሪታንያም እኩል ክፍት መሆኑን አመልክቷል፤ ብሪታንያን የጠቀሰው ከዓለም ዳር ያለች ሩቅ ደሴት ስለነበረች ነው። ሁለቱም ቅዱሳን ቦታዎችን አይተው ወይም እዚያው ኖረው የጻፉ በመሆናቸው ቃላቸው ይከብዳል። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ ከጓደኛው ከጆን ኮሌት ጋር ካንተርበሪን ጎበኘና በ1526 ባሳተመው ምልልስ ትዝታውን አሰፈረ። ከተጓዦቹ አንዱ የወርቁን ክምር አይቶ፣ በሕይወቱ ለድኻ የሚራራ የነበረ ቅዱስ ከዚህ ሀብት ችግረኛ ብትወስድ ይቀየማል ወይ ብሎ አስጎብኚውን ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ስሕተት የሚሆነው ከወርቁ ነቀፋ ተነሥቶ ቦታው ራሱ ከንቱ ነው ከተባለ ነው። ኑሲሳዊውና ጄሮም የተቃወሙት እግዚአብሔር በአንድ ቦታ ተወስኗል የሚለውን እምነት ነው። ሰው በቦታ የተወሰነ መሆኑን ግን አልካዱም፤ ሊክዱም አይችሉም። እግዚአብሔር የትም አለ፤ ሰው ግን የትም ሆኖ እኩል አይሰማም።

ሄንሪ 8ኛ በ1538 መካኑን ሲያፈርስ ከኤራስመስ ጋር የሚስማማ ይመስል ነበር፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ከንጉሥ ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ ቄስ መታሰቢያ፣ ራሱን የቤተ ክርስቲያን ራስ ላደረገ ንጉሥ የሚመች አልነበረም። ወርቁና ዕንቁው ወደ ግምጃ ቤት ሄደ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 7ኛ ያበረከተው ታላቅ ቀይ ዕንቁም የሄንሪ ሆነ። በኖቬምበር የወጣው አዋጅ ቤኬት ከእንግዲህ ቅዱስ እንዳይባል፣ ሥዕሉ እንዲነሣ፣ ስሙም ከጸሎት መጻሕፍት እንዲፋቅ አዘዘ፤ የተፋቁት ገጾች ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ። ዐፅሙ ተቃጠለ የሚሉ አሉ፤ ተደበቀ የሚሉም አሉ። በ1888 በምድር ቤቱ ዐፅም ሲገኝ የሱ ነው ተብሎ ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የተደረገው ምርመራ ግን አለመሆኑን አሳየ። በ2016 ከሃንጋሪ፣ ከኤስትርጎም፣ የቤኬት ነው ተብሎ ለዘመናት የተጠበቀ የክርን አጥንት ስባሪ ለጥቂት ቀን ወደ እንግሊዝ መጥቶ ካንተርበሪ ደረሰ። ሕዝቡ ተሰልፎ ተቀበለው፤ ከዚያም ተመለሰ። ባዶው ወለል ባዶ ሆኖ ቀጠለ።

የካንተርበሪ ነገር ቦታው ቀርቶ ነገሩ የተወሰደበት ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም ነገሩ ኖሮ ቦታው የተወሰደበት፣ የካንተርበሪ ባቡር ከሚነሣበት ጣቢያ በእግር በሚደረስ ርቀት ይገኛል። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ የተዘረፉ ናቸው። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የራሱ ባለሙያዎችም አያዩዋቸውም። እዚያው ለንደን ያሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ደግሞ በሌላ ቤተ እምነት ሕንጻ በተውሶ ወይም በኪራይ ሲገለገሉ፣ ሕንጻውን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ መሆኑን ያውቃሉ። በዚህ ትምህርት ቅድስና ከታቦቱ ጋር ይሄዳል፤ ከታቦቱ ጋር ይመጣል። ነገር ግን ይኸው ትውፊት የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ቦታን እንደ ማንኛውም መሬት አይቆጥርም፤ በብዙ አገር ቦታው አይታረስም፣ ዛፉ አይቆረጥም፣ የሚያልፍ ሰው ይሳለመዋል። በኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ2002 ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ የተቀበለውም ለነገሩ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከሚገባው ቦታና ከሚሰግድለት ሕዝብ ጋር ስለተገናኘ ነው። ተሸፍኖ በመጋዘን የተቀመጠ ታቦት ቅድስናው አልጎደለም፤ የተቋረጠው አገልግሎቱ ነው። ባዶ የቀረ መካንም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይችላል።

ለዚህ አስተያየት ጠንካራውን መሠረት የሚሰጠው በካቴድራሉ ደቡብ በኩል ጸሎት ቤት የተሰየመለት አንሰልም ነው። አንሰልም ከ1093 እስከ 1109 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረ፣ እሱም በዘመኑ ነገሥታት የተሰደደ ፈላስፋ ነው። እግዚአብሔር ስለምን ሰው እንደሆነ በሚመረምረው መጽሐፉ ውስጥ ስለ አላፊ ነገር ጽናት ያነሣል፤ አንድ ነገር አንዴ ከሆነ በኋላ ሆኗል መባሉ ለዘላለም እውነት ይሆናል። ቶማስ አኵናስ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ እግዚአብሔር እንኳ የሆነውን እንዳልሆነ እንደማያደርግ አስተምሯል፤ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር የሥልጣን ጉዳይ አይደለምና። ይህ አሳብ በባዶው ወለል ፊት ሲቆሙ ረቂቅነቱ ይቀራል። ሄንሪ 8ኛ ወርቁን ማንሣት፣ ዐፅሙን ማጥፋት፣ ስሙን ከብራና መፋቅ ቻለ። በ1170 ዲሴምበር 29 በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በር አትዝጉ ብሎ መሞቱን ግን ያልሆነ ሊያደርገው አልቻለም። ዐፅም የድርጊቱ ምልክት ነው፤ ምልክት ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፤ ድርጊቱ አይሰረቅም። ድርጊት ደግሞ የሆነው በአንድ ቦታ ነው። ቦታውና ድርጊቱ የተያያዙት በዐፅሙ አማካይነት አይደለም፤ በቀጥታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጎርጎርዮሳዊ ስሌት መሻሻል አለበት፦ ቤተ ጣዖቱ ጣዖቱ ሲወጣ ባዶ የሆነው ከመጀመሪያው የሆነበት ነገር ስላልነበረ ነው።

ይህ ማለት ግን ቦታው ማንም ባይመጣበት ብቻውን ይናገራል ማለት አይደለም። ግእዝ ሰማዕት የሚለውን ቃል ያወጣው ሰምዐ ከሚለው ግስ ነው፤ ሰማዕት የሰማውን የሚመሰክር ነው። የግሪኩም ቃል ምስክር ማለት ነው። ምስክር ያለ ሰሚ ሥራው አይፈጸምም። ጎብኚና ተሳላሚ የሚለዩት በዚህ ነው እንጂ በእምነት ካርድ ወይም በመግቢያ ክፍያ አይደለም። ካቴድራሉ ለጉብኝት የሚመጣውን ያስከፍላል፤ ለጸሎት የሚመጣውን አያስከፍልም፤ ሕንጻውን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ወጪ ለሚያስብ ይህ አግባብ ነው። ሆኖም ከፍሎ የገባው በደረጃው ላይ ሲወጣ ሊለወጥ ይችላል። ወደ ሥላሴ ጸሎት ቤት የሚያወጡት ደረጃዎች መካከላቸው ጎድጉዷል፤ በመካኑ ዙሪያ ያለው ድንጋይም በተንበረከኩት ብዛት ተበልቷል። እዚያ የቆመ ሰው እግሩ የሚያርፈው የሌሎች ጉልበት በቦረቦረው ላይ ነው። በካንተርበሪ ከቤኬት ዐፅም ይልቅ በእርግጠኝነት የተረፈው የድኾቹ ጉልበት አሻራ ነው፤ ሄንሪ 8ኛም ለመውሰድ አላሰበውም።

ከላይ ወደ ምድር ቤቱ ሲወረድ ጸጥታው ይጨምራል። ዐፅሙ ከ1170 እስከ 1220 ባረፈበት ላይ የቀራፂው አንቶኒ ጎርምሊ ሥራ በ2011 ተሰቅሏል፤ ከካቴድራሉ ጣሪያ በወጡ አሮጌ ምስማሮች የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የሰው ቅርጽ ነው። በዚያው ምድር ቤት በሃይማኖታቸው ምክንያት ከአህጉሩ ሸሽተው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ለመጡ ፕሮቴስታንቶች የተሰጠ ጸሎት ቤት አለ፤ ዘሮቻቸውና ወዳጆቻቸው እስከ ዘመናችን ድረስ በፈረንሳይኛ ያመልኩበታል። የቅዱሳንን ዐፅም ማክበር የማይቀበሉ ስደተኞች ዐፅሙ በነበረበት ቤት መጠጊያ ማግኘታቸው የቦታውን ትርጉም ያሰፋዋል እንጂ አያፈርሰውም። ግድያው በተፈጸመበት በሰሜን ምዕራብ ክንፍ ደግሞ በ1982 ሜይ 29 የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊና የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮበርት ረንሲ ጎን ለጎን ተንበርክከው ጸልየዋል። በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የተቆረጠው አንድነት እንደተቆረጠ ነው፤ የተንበረከኩበት ድንጋይ ግን የሁለቱም ነበር።

በዚሁ ክንፍ ግድግዳ ላይ በ1986 የተሰቀሉት ሰይፎች ጥላቸውን በድንጋዩ ላይ ያጠላሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ያልቅና የሠርክ ጸሎት ይጀመራል፤ መግባት በነጻ ነው። ከአድባራችን ማኅሌት ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፤ ከበሮ የለም፣ ጽናጽል የለም፤ መዝሙረ ዳዊት በሁለት ወገን እየተቀባበለ ይዜማል። አራቱ ባለሰይፎች በሩን ሲገቡ እየተዜመ የነበረውም የዚሁ ሰዓት ጸሎት ነው።